ለእምቢታ ደጅ መጥናት

ሰው የመንግሥት ደጅ የሚጠናው አንድ ነገር እንዲፈቀድለት ነው። የእናቴ ወንድም ግን የዕድሜውን ማምሻ የጨረሰው እንዲከለከል ደጅ ሲጠና ነው። ይህን ሳወራ የሚስቁ ሰዎች አሉ። አልቀየማቸውም፤ እሱ ራሱ ደህና ቀን ሲውል ይስቅበት ነበር።

መስታወት ቆራጭ ነበር። ሱቁ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ ቀጥቃጮችና በአንድ ፎቶ ቤት መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ነበረች። ረጅሙ ጠረጴዛ አሮጌ ብርድ ልብስ ለብሷል፤ መስታወት ባዶ እንጨት ላይ ካስተኙት ይጫራል። ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት የፊት መስታወቶች መንገዱንና አላፊ አግዳሚውን ወደ ውስጥ ስለሚያስገቡት፣ ሰው በሌለበት ቀን እንኳ ሱቁ ገበያተኛ የሞላበት ይመስል ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ ያደግሁት እዚያ ነው። እሱን ጋሼ፣ ሚስቱን እትዬ እያልኩ።

የወለዱት አንድ ልጅ ነው፤ ሴት። ቀጭንና ረጅም ስለሆነች፣ ብትጎብጥም የማትሰበር ስለሆነች፣ ጋሼ “ሽቦ” ይላት ነበር፤ ሰፈሩም በዚያው ለመደው። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስታጣ ከአባቷ ጋር ጠረጴዛው ላይ ቆመች፤ ዓመት ሳይሞላ በለጠችው። መቁረጫውን አንድ ጊዜ ብቻ ታስኬደዋለች። አዲስ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ያሰማል፤ ከሥር በጣቷ መታ ስታደርገው መስታወቱ ያለ ክርክር ለሁለት ይለያል። ጋሼ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ትልልቁን ሥራ ለእሷ ለቆ ነበር።

“አንቺ ልጅ፣ ሱቄን ልትነጥቂኝ ነው” ይላታል።

“ሱቅህን ምን ላድርገው? እኔ ያማረኝ ባለትራሱ ወንበርህ ነው” ትለዋለች።

ሰልፍ የነበረ ዕለት የአንድ መድኃኒት ቤት መስኮት ልትለካ ወጣች። ሜትሯ በኪሷ፣ እርሳሷ በጆሮዋ ላይ ነበር። ሰልፉ በዚያ መንገድ አለፈ። ተቀላቅላ ይሁን ዳር ቆማ፣ ምዬ ልናገር አልችልም። መጮህ ትወድ ነበር፤ ሰው ሲበደል አይታም ዝም ማለት አይሆንላትም ነበር። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የነበረው ባለሙያ ያየው ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ክንዷን ይዘው የጭነት መኪና ላይ ሲያወጧት ነው። “ሥራ ላይ ናት! የኔን መስኮት ነው የምትለካው!” ብሎ ጮኸ። ሰሚ አላገኘም። ሰውዬው አልፈራም፤ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ ይህንኑ መስክሯል።

ጋሼና እትዬ ጣቢያ ለጣቢያ ዞሩ። “ውጡልን” ያላቸው አንድም ሰው አልነበረም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። “እዚህ እንኳ አትገኝም፤ ነገ ብቅ በሉ” ይሏቸዋል በትሕትና። ነገ ብቅ ሲሉ ሌላ ነገ ይሰጧቸዋል።

የሠፈራችን ፖሊስ ጣቢያ መስኮቶቹ በሰልፉ ዕለት በድንጋይ ረግፈው ስለነበር መስታወት ገጣሚ ተፈለገና ጋሼን ጠሩት። እትዬ ደሟ ፈላ።

“ልጄን የወሰዱ ሰዎች ንፋስ እንዳይገባባቸው ልትከልልላቸው ነው?”

“ሴትዮ፣ መስኮት እኮ ካልገቡበት አይገጠምም” አላት።

መስታወቱን ተሸክሜ አብሬው ሄድኩ። ክፍል ለክፍል ዞርን። እጆቹ መስታወቱን የሚይዘውን ስቱኮ ጠርዙ ላይ ይዳብሳሉ፤ ዓይኖቹ ግን ሥራው ላይ አልነበሩም። በየክፍሉ ያየነው ወንበር፣ ጠረጴዛና ግድግዳ ነው። በመጨረሻው መስኮት በኩል ጓሮው ይታያል፤ ገመድ ላይ የተሰጣ የሴት ልብስ ነበረበት። የሽቦ አልነበረም። ያም ሆኖ ጋሼ ያንን መስኮት ገጥሞ ከጨረሰ በኋላ ከፊቱ አልነቃነቅ አለ። ጠባቂው ሃምሳ አለቃ መጣ።

“አባት፣ አልጨረሱም እንዴ?”

“ስቱኮው እስኪይዝ ነው።”

“ስቱኮ በዓይን ነው እንዴ የሚደርቀው?”

“የኔ በዓይን ነው” አለው ጋሼ።

ሃምሳ አለቃው ሳቀና ተወው። ትንሽ ቆይቶ ግን ተመልሶ መጥቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “እዚህ ሴት የለም አባት፤ ያ የጽዳቶቹ ልብስ ነው። ይሂዱ፣ ይረፉ” አለው። በዚያ ሁሉ ዓመት ቁርጥ ያለ ነገር የነገረን መንግሥታዊ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱም ቢሆን በጽሑፍ አልሰጠንም።

የመድኃኒት ቤቱ ሰው ነው ከጠበቃዋ ጋር ያገናኘን። ቢሮዋ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው፤ ሙቀቱ ከወለሉ ሥር ይመጣል። ወጣት ናት፤ ሰው ሲያወራ እስኪጨርስ ትጠብቃለች።

“መንግሥታችን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን የሚባለውን ፈርሟል” አለችው። “‘ሰው ያለ ሕግ አልይዝም፤ ከያዝኩም አልደብቅም’ ብሎ ለዓለም የገባው ቃል ነው። ቃሉን መጠበቅ አለመጠበቁን የሚመረምሩ፣ ከየአገሩ የተመረጡ ባለሙያዎች ያሉበት ኮሚቴ አለ። አቤቱታ ይቀበላሉ፤ መንግሥትን ‘ይህቺ ልጅ የት ናት?’ ብለው ይጠይቁታል።”

“እነሱ ሲጠይቁት ይናገራል?”

“እርስዎን ‘ነገ ይምጡ’ እንደሚለው እነሱን አይልም። በጽሑፍ መመለስ አለበት።”

ጋሼ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛዋ አስጠጋ። “በይ እንጻፍላቸው።”

“ቀስ ይበሉ። እነሱ ዘንድ የሚደረሰው የአገር ቤቱ በር ሁሉ ተንኳኩቶ ካለቀ በኋላ ነው። ፍርድ ቤቱ ‘አይሆንም’ ይበልዎት፤ ይግባኙም ‘አይሆንም’ ይበል፤ ያንን ይዘን እንሄዳለን።”

“እምቢ እስኪሉኝ ድረስ ማለትሽ ነው?”

“እምቢ እስኪሉዎት።”

“ይሄማ ምን ገዶኝ!” አለ ጋሼ። “እኔን እምቢ ለማለት ማን ሰንፎ ያውቃል? የሽቦን እናት ሳገባ እንኳ አባቷ ሁለት ጊዜ እምቢ ብለውኛል!”

ልጅቷ ከተወሰደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ደረጃውን እየተንደረደረ ወረደ።

‘የያዛችኋትን አቅርቡ’ የሚያሰኘው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ገባ። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ የጋሼ የልጅነት ጓደኛ ነበር፤ ሽቦን በሕፃንነቷ አቅፏታል። በወጣትነቱ የሠፈሩ ቡድን ግብ ጠባቂ ስለነበር “በረኛው” እንደተባለ ፀጉሩ ሸበተ። ጉዳዩ እሱ ዘንድ መውደቁን ስንሰማ እፎይ አልን። የሰው አገር ላይ ዘመድ ያገኘን መሰለን።

ቀጠሮው ተጀመረ። ፖሊስ መልስ ይዞ እንዲቀርብ ተቀጠረ። ፖሊስ አልቀረበም፤ ድጋሚ ይታዘዝ ተባለና ተቀጠረ። መልሱ መጣ፤ ማኅተም የለውም ተባለና ተቀጠረ። ዳኛው ስብሰባ ሄዱ፣ ዳኛው ተቀየሩ፣ አዲሱ ዳኛ መዝገቡን እስኪያነቡ ተባለ። ጋሼ በየቀጠሮው ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ ይሄዳል። እትዬ ደግሞ በየቀጠሮው ዋዜማ የልጅቷን አልጋ አንሶላ ትቀይራለች፤ ምናልባት ነገ ይዘዋት ይቀርቡ ይሆናል ብላ። አንሶላው ንጹሕ ነበር፤ የተኛበት ሰው የለም። እሷ ግን ታጥበዋለች።

አንድ ቀን ጋሼ ትዕግሥቱ አለቀና ችሎት ውስጥ ብድግ አለ።

“ክቡር ዳኛ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። እባክዎ እምቢ ይበሉኝ።”

ችሎቱ አጉረመረመ፤ ከኋላ የሳቀም ነበር። ዳኛው ደግ ፊት ያላቸው ሰው ነበሩ፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

“አባት፣ ይህ ችሎት ሰው አያባርርም። ተስፋ አይቁረጡ።”

“ልቁረጥ ብልስ መቼ አስቆረጣችሁኝ!” አለ ጋሼ። ዳኛው ግን ቀጠሮ ሰጡት፤ በረኛው ቀኑን ጽፎ፣ እያስታመመ፣ እስከ በሩ ድረስ ደግፎ ሸኘው።

ጠበቃዋ በመጨረሻ ሌላ መንገድ ሞከረች። ጉዳይ ከልክ በላይ ከተጓተተ ኮሚቴው እምቢታ ሳይጠብቅ ሊቀበለው እንደሚችል ነገረችንና አቤቱታውን ላከች። ኮሚቴው መንግሥትን ጠየቀ። መንግሥትም፣ እውነትም እንዳለችው፣ በጽሑፍ መለሰ። እኔ ነኝ ለጋሼ ያነበብኩለት። ጉዳዩ በአገሪቱ ፍርድ ቤት በትጋት እየታየ ነው ይላል፤ አመልካቹ በቅርቡ ችሎት ቀርበዋል፤ የሚቀጥለው ቀጠሮም ተይዟል።

“ከዚህ ውስጥ ውሸቱ የቱ ነው?” አለ ጋሼ።

“አንድም ቃል ውሸት የለበትም” አለች ጠበቃዋ። “የገደለን እሱ ነው።”

ኮሚቴው መዘግየቱ እንደሚያሳስበው ጠቅሶ፣ የአገር ቤቱ በር ገና ክፍት ስለሆነ ለጊዜው ሊቀበለን እንደማይችል ጻፈ።

ይህንን በሰማን ሰሞን በረኛው ሊያጽናናው ሱቅ መጣ። የምሳ ሰዓት ነበር። ጋሼ የማድቤት መስኮት የሚሆን መስታወት እየቆረጠ ነው፤ እኔ ፍሬሙን እቸነክራለሁ። በረኛው ተቀመጠና ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

“አይዞህ ወዳጄ። የፈረንጅ ኮሚቴ ቢቀር ይቀራል፤ መዝገቡ አለ። እኔ ቁጭ ብዬ እያለሁ አይዘጋም። ስንት ጊዜ ከመስመር ላይ እንደመለስኩልህ ብታውቅ!”

የመቁረጫው ድምፅ መሐል ላይ ቆመ።

“ምኑን ነው የመለስከው?”

“መዝገቡን ነዋ! ሁለቱም ዳኞች ‘ፖሊስ የለችም ካለ ምን ይደረጋል፣ ይዘጋ’ ብለውኝ ነበር። እኔ ‘ጌታዬ፣ አባትየው ሽማግሌ ነው፤ አንድ ቀጠሮ ብቻ’ እያልኩ እለምናለሁ። ሲላቸው ይቆጡኛል። ታዲያ የሽቦን መዝገብ በዚህ እጄ ልዝጋ? አቅፌ ያሳደግኋትን?”

ጋሼ መቁረጫውን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠ። መስታወቱ ግማሽ ድረስ ተጭሯል፤ ከዚያ በኋላ ማንም እንደገና ሊቆርጠው አይችልም።

“ወንድሜ” አለው፣ ሳይቆጣ። “ያንን ኳስ የመታሁት እኮ እኔ ነበርኩ።”

በረኛው አልገባውም። ጋሼ ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዳው። እየገባው ሲሄድ የሰውዬው ፊት እየተለወጠ ሲመጣ ማየት አልቻልኩም፤ መዶሻዬን አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

“እምቢ በሉኝ ብለህ ስትጮህ እኮ ሰማሁህ” አለ በረኛው። “የመረረው ሰው ንግግር መስሎኝ! ሰው እንዴት እምቢ በሉኝ ይላል? ልቤ ተሰብሮ ያን ቀን ረጅሙን ቀጠሮ አሰጠሁህ።”

“አውቃለሁ። አንተን እንዴት እቀየማለሁ? አሁን ግን ዝጋልኝ።”

“አልችልም።”

“ትችላለህ። ዝም ማለት ብቻ ነው። ‘ይዘጋ’ ሲሉ አትለምናቸው።”

እትዬ ምሳ ይዛ በሩ ላይ መቆሟን ያየናት ያኔ ነው። ከመቼ ጀምራ እንደሰማች አላውቅም።

“ምኑ ነው የሚዘጋው?”

በረኛው ባርኔጣውን ከጉልበቱ አንሥቶ ቆመ።

“መዝገብ የሚዘጋው ለሞተ ሰው ነው” አለች። “ልጄ ሞታለች ብሎ የነገረህ አለ?”

“ካልተዘጋ እኮ የሚጠይቃቸው የለም። ስሚኝ…”

“አልሰማህም። ቀጠሮ አለኝ ብዬ ነው የማድረው። እሱንም ልትወስድብኝ ነው?”

ምሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች።

በቀጠሮው ቀን በረኛው ከዳኛው በታች፣ ከቦታው፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር። ዳኛው አነበቡ። ፖሊስ ግለሰቧ በእጁ እንደሌለች ስላስታወቀ አቤቱታው ውድቅ ሆኗል፤ መዝገቡ ተዘግቷል። ጋሼ “አመሰግናለሁ” ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ነግሮኛል። ብድግ አለ። እጅ ነሥቶ ብቻ ወጣ።

መተላለፊያው ላይ፣ ሰው በሚመላለስበት፣ ያን የተተኮሰ ልብሱን ለብሶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ላነሣው ሞከርኩ።

“ተወኝ እስኪ” አለኝ። “ከእንግዲህ የት ነው የምሄደው?”

ለዓመታት የለመነውን ነገር አግኝቶ ነበር። እኔም ያን ቀን ነው የገባኝ። በየቀጠሮው ሲሄድ እንዲከለከል ብቻ የሚሄድ ይመስለን ነበር፤ እሱም ይመስለው ነበር። ሸሚዙን ግን ለእምቢታ ብሎ አልነበረም የሚያስተኩሰው። በእያንዳንዱ “ነገ” ውስጥ ልጅቱ በጎን በር ልትገባ ትችል ነበር። ነገን ራሱ ጠይቆ አስዘጋው።

ይግባኙም ውድቅ ሆነ፤ ይሄኛው አልዘገየም። ጠበቃዋ ሁለቱን ውሳኔ አያይዛ አቤቱታውን እንደገና ላከች፤ ኮሚቴው አሁን ተቀበለን። መንግሥት እንደገና ተጠየቀ፤ አልያዝኳትም አለ። ለማስረዳት ጊዜ ጠየቀ፣ ተሰጠው፤ ጊዜው አለፈ።

እትዬ ከዚያ ወዲህ ባሏን አላናገረችውም። አላኮረፈችም፣ አልሰደበችውም፤ ብቻ ንግግሯን በእኔ በኩል አደረገችው። እሱ እዚያው አጠገቧ ተቀምጦ፣ “ንገረው፣ መድኃኒቱን አልዋጠም” ትለኛለች። እሱም፣ “ንገራት፣ እውጣለሁ” ይላል። ስሙን መጥራት ተወች። ያ ቤት ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች በመንግሥታት መካከል እንደሚላክ መልእክተኛ እኔን ያመላልሱኝ ነበር፤ በዚህም አንዳንዴ ሦስታችንም ስቀናል፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ጸጥታው እንደነበረ ነው። በረኛው ጡረታ ወጣና በሱቁ በኩል ማለፍ ተወ። ጋሼ ቤቱ ድረስ ሄዶ ሊያመጣው ሞክሯል፤ “የለም በሉት” ሲል ከውስጥ ድምፁን ሰምቶ ተመለሰ።

ጋሼ ሱቁን ለቆ፣ ዓይኑም ደክሞ፣ በከዘራ መሄድ ሲጀምር ነው ጠበቃዋ የደወለችው። ውሳኔ መጥቷል። እትዬ ከፊት፣ እኔና ጋሼ ከኋላ ሆነን ያንን ደረጃ ወጣን። ጠበቃዋም ፀጉሯ ላይ ሽበት ጀምሯታል። ወረቀቱ ብዙ ገጽ አለው፤ ዋናውን እየመረጠች በእኛ ቋንቋ አነበበችልን። መንግሥት የገባውን ቃል ጥሷል። ልጅቱን ከሕግ ጥበቃ አውጥቷል። ለወላጆቿም ያለችበትን ባለመንገር ራሱን የቻለ ሥቃይ አድርሶባቸዋል።

“እኛን?” አለ ጋሼ። “እኛንም ጻፉን?”

“ጽፈዋችኋል።”

መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ሲጠርግ ጠበቀችው።

“የት ናት ይላል?”

ጠበቃዋ ገጹን ገለጠች፤ የምታነበው ነገር ስላለ አልነበረም። “የት እንዳለች መርምረው እንዲነግሩዎት ይላል።”

“ማን?”

“መንግሥት።”

ከታች ዳቦ ቤቱ ውስጥ የብረት ትሪ ሲወድቅ ተሰማ።

“ከዚህ ወዲያስ?” አልኩ እኔ።

“ፖሊስ የላቸውም፤ እስር ቤትም የላቸውም። መልስ ሰጠ ወይ ብለው ይጠይቁታል። ካልሰጠ ደግመው ይጠይቁታል።” ገጾቹን በእጇ አስተካከለችና፣ “ይህን ያህል ነው” አለች።

ጋሼ በከዘራው ላይ እንደተደገፈ ወለሉን ያያል። የተነሣችው እትዬ ናት። ነጠላ ወረቀቷን፣ ‘እንዲነግሩ’ የሚለው ያለባትን ገጽ፣ ለጠበቃዋ በእጇ ጠቁማ ተቀበለች።

“ተነሡ” አለችን።

“ወዴት እትዬ?”

“ይንገሩ ተብለው የለ? ይንገሩና።”

የሚኒስቴሩ በር ላይ የቆመው ዘበኛ ጨዋ ልጅ ነበር። ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ገለባበጠው፤ ቋንቋው እንዳልገባው አልደበቀም። መዝገቡን ከፍቶ ብዕሩን አወጣ።

“የማን ጉዳይ ነው እማማ?”

ጋሼ ሊመልስ ወደ መዝገቡ ጠጋ ሲል ተቀደመ። እትዬ የልጇን ስም ተናገረች። ሽቦ ሳይሆን፣ እነሱ ራሳቸው ያወጡላትን።

“ከነአባቷ ይንገሩኝ” አለ ዘበኛው።

እትዬ ነጠላዋን አስተካከለች። በበሩ ገባ ወጣ የሚሉ ሰዎች በጎናችን ያልፋሉ። ወደ ጋሼ አልዞረችም። የልጅቱን ስም እንደገና ጠራች፤ ከሥሩም ያንን ስንት ዓመት ከአፏ ያልወጣውን የባሏን ስም አስከትላ ጠራች። ጋሼ እንደተጠራ ሰው ቀና አለ።

ዘበኛው ስሙን በቅጡ አልያዘውም። “አንዴ ይድገሙልኝ እማማ” አላት።

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችለት።